ታዛዥና ታዛቢ

ሰው ምክንያቱ ያልገባውን ትእዛዝ ሲፈጽም ክብሩን ይጥላልን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፈላስፎች በአደባባይ፣ ወታደሮች በሰፈር፣ ደቀ መዛሙርት በመምህራን እግር ሥር ሲያነሡትና ሲጥሉት ኖረዋል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በቃል ብቻ ነው፤ በቃል የተነሣ ጥያቄ ደግሞ በቃል ይሸሻል። ጥያቄው ከአፍ ወርዶ ከእጅ ላይ የሚያርፍበት፣ መልሱም ለነገ ይደር የማይባልበት አንድ ጠባብ ስፍራ አለ። ይህም ስፍራ ርዝመቷ 10 ሜትር ያህል የሆነ፣ በነፋስ የምትሄድ የሸራ ጀልባ ናት። በዚህች ጀልባ ላይ በጥሞና ሊታይ የሚገባውም ሰው ልብ ወለድ ጸሐፊዎች የሚወዱት ካፒቴን አይደለም። ከሁሉም መጨረሻ የሆነው፣ ትናንት ከየብስ የመጣው ጀማሪ ነው።

በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ጠረፍና በዋይት ደሴት መካከል ሶለንት የተባለ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ይገኛል። ወደ ሳውዝሀምፕተን ወደብ የሚገቡና ከዚያም የሚወጡ ግዙፍ የጭነት መርከቦች በዚሁ ያልፋሉ፤ ከደሴቲቱ ዳር ካለችው ከካውስ ከተማ የሚነሡ የሸራ ጀልባዎችም በመርከቦቹ መካከል እንደ ቢራቢሮ ይበተናሉ። ጀማሪዎች የባሕረኛነትን ሀሁ ከሚቆጥሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ተማሪው በየብስ ላይ የተከበረ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ወይም መምህር፣ አለዚያም የሂሳብ ሹም። ማዕረጉ ግን ከወደቡ ቀርቷል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጠቀውም ቋንቋውን ነው። በየብስ ላይ ገመድ ገመድ ነው፤ ከዚህ ላይ ግን ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅለው ገመድ አንድ ስም አለው፤ ሸራውን ወደ ውስጥ ስቦ የሚያጠብቀው ሌላ ስም፣ ጀልባዪቱን ከወደቡ ጋራ የሚያስረው ደግሞ ሦስተኛ ስም። ይባስ ብሎ እንግሊዞቹ ሸራ ማጥበቂያውን ገመድ የሚጠሩበት «ሺት» የሚለው ቃል በየቤታቸው የአልጋ አንሶላ ስም ነው። ስለዚህ ጀማሪው «ሺቱን ልቀቅ!» ሲባል ቀና ብሎ ሸራውን ያያል፤ ገመዱ ግን ከእግሩ ሥር ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው እየታዘዘ፣ እንደ ባዕድ ሰው ዓይኑን ያንከራትታል።

የሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ፊት ለፊት መሄድ አትችልም። አፍንጫዋን ከነፋሱ 45 ዲግሪ ያህል ወደ አንድ ጎን አዙራ ጥቂት ትሄዳለች፤ ከዚያም ትዞርና ነፋሱን በሌላው ጎኗ ተቀብላ እንደገና ትሄዳለች። ዳገት የሚወጣ መንገድ እየተጠማዘዘ ከጫፍ እንደሚደርስ ሁሉ እርሷም ካሰበችበት የምትደርሰው እንዲህ እየተመላለሰች ነው። የጀማሪው የመጀመሪያ ፈተና ይህ የመዞሪያ ቅጽበት ነው። መሪውን የያዘው ሰው «ለመዞር ተዘጋጁ!» ይላል። በግራና በቀኝ ገመድ የያዙት «ዝግጁ!» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ለጨዋነት የሚሰጥ አይደለም፤ መልሱ ካልተሰማ መሪው አይዞርም። ቀጥሎ ጀልባዪቱ ትዞራለች፣ የፊተኛው ሸራ መርገብገብ ይጀምራል። በዚያች ጊዜ የቀድሞው ገመድ ዊንች ከሚባለው መጠምጠሚያ ከበሮ ላይ ተፈትቶ ይለቀቃል፤ በማዶ ያለው ሰውም የራሱን ገመድ ይስባል። ቀድሞ የለቀቀ ጀልባዪቱን ጉልበት ያሳጣታል። ዘግይቶ የለቀቀም ሸራው በተቃራኒው በኩል እንዲሞላ አድርጎ ከአፍንጫዋ ያንቃታል። ጀማሪው ጉልበቱን ያምናልና ሸራው ነፋስ ከሞላ በኋላ ይጎትታል፤ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ቢጎትት የሚመጣለት አንድ ስንዝር ነው። ከአጠገቡ ያለው የቆየ ባሕረኛ ግን፣ በዕድሜው አባቱ ሊሆን የሚችል ቢሆን እንኳ፣ ሸራው ባዶውን ሲርገበገብ በሦስት በአራት ስበት ይጨርሰዋል።

ለምን ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም። «አሁን!» ተባለ፤ ወይ ተሳበ፣ ወይ አልተሳበም። እንዲሁም ጣቶቹን ከከበሮው እንዲያርቅ ይነገረዋል፤ ነፋስ የሞላው ሸራ በወጠረው ገመድና በብረቱ መካከል የገባ ጣት ምን እንደሚሆን የሚገባው ግን ብቻውን ሲያስበው ነው። «ጎንበስ!» ሲባልም ዋናውን ሸራ ከግርጌው የያዘው አግዳሚ ምሰሶ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተወረወረ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ «ስለ ምን?» የሚል ሰው መልሱን በግንባሩ ይቀበላል።

አማርኛ «ታዘዘ» በሚለው በአንድ ግሥ ሁለት ነገር ይናገራል። ትእዛዝ ደረሰው ማለት ነው፤ ትእዛዙን ፈጸመ ማለትም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት፣ ማለትም ሰውየው ሰምቶ፣ መዝኖ፣ ፈቅዶ የሚነሣበት ጊዜ፣ በቃሉ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ፈላስፋ ይህን የቋንቋ ጉድለት ይለው ይሆናል። የጀማሪውን ሁኔታ ግን ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። «አሁን!» በተባለውና ገመዱ በተሳበው መካከል ፈቃድ የሚቀመጥበት ዱካ የለም። ታዲያ ፈቃዱ ወዴት ሄደ? አንዱ መልስ ጨርሶ ጠፍቷል የሚል ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ጀማሪው ከዊንቹ የሚለየው በመራቡና በማስታወኩ ብቻ ነው። ሌላው መልስ ደግሞ ፈቃዱን አስቀድሞ ሰጥቷል፣ ከወደቡ ድንጋይ ላይ እግሩን አንሥቶ ወደ ጀልባዪቱ ሲሻገር በሙሉ ልቡ አስረክቧል የሚል ነው። ይህኛው የተሻለ ነው። ግን እርሱም አይበቃም። ፈቃዱን አንድ ጊዜ አስረክቦ ከዚያ በኋላ የሚያንቀላፋ ሰው በየብስ ላይም ሞልቷል፤ በእጁ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ «የታዘዝኩት ነው» እያለ በሌላው ጫንቃ ላይ ያስቀምጣል።

በመሠረቱ ከመረዳት በፊት መሥራት በራሱ ውርደት አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊቱን በግእዝ በቃሉ ይደግማል። ትርጓሜውን የሚያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ሁሉም ያገኘዋል ማለትም አይቻልም። ሆኖም ንባቡን ዘሎ ትርጓሜ ቤት የገባ የለም። እጅም እንዲሁ የራሱ ንባብ አለው። የባሕረኞች ቋጠሮዎች ዋነኛ የሚባለው፣ ሲጫነው የማይሸመቅቅ፣ ሲፈልጉትም በቀላሉ የሚፈታው ቀለበት፣ በቃል ቢገለጽ አንድ ገጽ ይፈጃል፤ ገጹን ያነበበውም ሰው ሊያስረው አይችልም። እጁ ሰላሳ ጊዜ ከተሳሳተ በኋላ ግን በጨለማ ያስረዋል፤ ከዚያም ስለ ምን እንደማይሸመቅቅ ያስተውላል። ነገሩ የሚበላሸው ንባቡ በመቅደሙ አይደለም፤ ትርጓሜው ሲቀር ነው።

ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል አንድ መርከብ ይሥላል። የመርከቡ ባለቤት በቁመትም በጉልበትም ሁሉን ይበልጣል፤ ግን ጆሮው በደንብ አይሰማም፣ ዓይኑ አጥርቶ አያይም፣ ስለ ባሕር ያለው ዕውቀትም ከጆሮውና ከዓይኑ አይሻልም። መርከበኞቹ መሪውን ለመጨበጥ እርስ በርስ ይናጫሉ። አንዳቸውም ጥበቡን አልተማሩም፤ እንዲያውም ጥበቡ ከቶ በትምህርት አይገኝም ባዮች ናቸው፤ ይገኛል የሚለውን ሰው ሊቆራርጡት ተዘጋጅተዋል። ወቅቶችን፣ ሰማዩን፣ ከዋክብቱንና ነፋሳቱን ያጠናውን እውነተኛ መሪ ኮከብ ሲያይ የሚውል ለፍላፊ ይሉታል። ምሳሌው የተነገረው ስለ አገር አስተዳደር ነው። የአማርኛ አንባቢም ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ በቋንቋው «መሪ» የሚባለው ሰውየውም፣ ሰውየው የሚጨብጠው ዕቃም ነውና።

ምሳሌው ውብ ነው፤ ፍርዱም ከባድ ነው፤ ያወቀ ይምራ፣ ያላወቀ ይታዘዝ። ይሁን እንጂ በዚያ መርከብ ላይ አንድ ሰው ጎድሏል። ደንቆሮ ባለቤት አለ፣ ጠበኞች አሉ፣ የተናቀ አዋቂ አለ፤ ተማሪ ግን የለም። ፕላቶን ስለ ትምህርት በሌላ ስፍራ ብዙ ጽፏል፤ በመርከቡ ላይ ግን ተማሪ አላሳፈረም። ያ ከዋክብትን ያጠና አዋቂ ራሱ አንድ ቀን እጁ የላላ፣ ሆዱ የተገለበጠ ጀማሪ ሆኖ የሌላ ሰው ገመድ ሳይስብ ያን ዕውቀት ከየት አመጣው? ዕውቀት ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው እጅ፣ ከእጁም ወደ ራሱ በምን መንገድ እንደሚሻገር ካልተነገረ፣ የሚቀሩት ሁለት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ዘላለም የሚያዙና ዘላለም የሚታዘዙ። እንዲህ ያለው መርከብ አዋቂው ባረጀ ጊዜ ወደ ጠበኞቹ መመለሱ አይቀርም።

ነፋሱ በርትቶ ጀልባዪቱ ስትጋደል የጀማሪው ልብ አብሯት ይጋደላል። አንዱ ጎኗ ከውሃው ጋራ እኩል ሆኖ አረፋው በወለሉ ላይ ሲሮጥ፣ ይህ ነገር መጨረሻው መገልበጥ እንደሆነ ሰውነቱ ሁሉ ይመሰክርለታል። «ያዝ!» ይባላል፤ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ገመዱን ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም ነው። ማታ ጀልባዪቱ ከወደብ ከታሰረች በኋላ ካፒቴኑ ጠረጴዛው ላይ ሲኒና ማንኪያ አስቀምጦ ያስረዳዋል። ከጀልባዪቱ ሆድ በታች ከእርሳስ ወይም ከብረት የተሠራ ከባድ ክብደት አለ። ጀልባዪቱ በተጋደለች መጠን፣ እስከ አንድ ልክ ድረስ፣ ያ ክብደት እየበረታ ወደ ቀድሞ አቋሟ ይመልሳታል። ሸራው ደግሞ በተዘነበለ መጠን የሚቀበለው ነፋስ ይቀንሳል። መጋደሏ እንግዲህ የውድቀት መጀመሪያ አይደለም፤ የሁለት ኃይሎች ስምምነት ነው። በማግስቱ ጀልባዪቱ ልክ እንደ ትናንቱ ትጋደላለች፤ «ያዝ!» የሚለውም ድምፅ ያው ነው፤ ይይዛል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ቀኖች አይለዩም። ሆኖም ትናንት የያዘው ፍርሃቱ ነበር፤ ዛሬ የያዘው ግን ራሱ ሰውየው ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። በነፋስ መካከል የሚሰጥ ትእዛዝ ብድር ነው። ካፒቴኑ የጀማሪውን ፈቃድ በችግር ሰዓት ያለ መያዣ ይበደረዋል፤ ነፋሱ ሲበርድ በምክንያት ይመልስለታል። ማታ የተቀመጡት ሲኒና ማንኪያ ቸርነት አይደሉም፣ ዕዳ መክፈያ ናቸው። በሥራው የተካነ፣ በባሕር የተፈተነ፣ ነገር ግን ጀማሪውን ዓመት እስከ ዓመት «ሳብ» እና «ልቀቅ» እያለ ብቻ የሚያኖረው ካፒቴን አለ። ሰው አልገደለም፣ ጀልባም አልሰበረም፤ በስርቆት የሚከሰው ግን ሊኖር ይገባል። ጀማሪውም በበኩሉ ብድሩን አለመጠየቁ ትሕትና መስሎ ይታየዋል። ብዙ ጊዜ ስንፍና ነው።

ብድሩ ሲጠየቅ ገንዘብ ጠያቂውን የሚደበድብ ተበዳሪስ? ለዚህ ከታሪክ ምስክር አለ። በነሐሴ 1834 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሪቻርድ ሄንሪ ዴና የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በሃርቫርድ ይማር ነበር። በኩፍኝ ምክንያት ዓይኑ ደክሞ ማንበብ ስለ ተሳነው ትምህርቱን አቋርጦ ባሕር ገባ። የደህና ቤተሰብ ልጅ እንደ መሆኑ መንገደኛ ሆኖ መሄድ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ተራ መርከበኛ ሆኖ «ፒልግሪም» በተባለች ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ ተቀጠረ። መርከቧ ከቦስተን ተነሥታ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን ዞራ ወደ ካሊፎርኒያ የምትሄደው የከብት ቆዳ ለማምጣት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ማንኛውም ጀማሪ አሳለፈ። ትእዛዙ ይዥጎደጎዳል፣ ቃሉ አይገባም፣ ወለሉ አይጸናም፣ ሆድ አይረጋም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ታዘዘ፤ በመታዘዙም ባሕረኛ ሆነ።

በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ በሳን ፔድሮ፣ ካፒቴኑ አንዱን መርከበኛ አሥሮ ሊገርፍ ተነሣ። ሌላው መርከበኛ፣ ስዊድናዊ ነበረ፣ ይህ ሰው የሚገረፈው ስለ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ከተገረፈ በኋላ ስዊድናዊው በተራው ታሥሮ ተገረፈ፤ የተገረፈበትም ጥፋት ጥያቄ መጠየቁ ነበር፤ ይህንንም ካፒቴኑ በገዛ አንደበቱ አስታወቀ። ዴና ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። እጁን ቢያነሣ ሕጉ ዐመፀኛ ይለዋል፤ የሚሸሽበት ምድርም አልነበረም። የሁለቱን ትእዛዞች ልዩነት ግን በዚያች ሰዓት አየ። በኬፕ ሆርን በረዶ ውስጥ ምሰሶ ላይ ውጣ ተብሎ ሲወጣ ያዘዘው በካፒቴኑ አፍ የሚናገር ባሕሩ ነበረ። ከሳን ፔድሮ ፊት ለፊት መርከቧ መልህቋን ጥላ በቆመችበት ቀን ግን ባሕሩ ምንም አልጠየቀም። ገመዱ ከሸራው ተፈትቶ የሰው ጀርባ ላይ ያረፈው ካፒቴኑ ስለ ፈለገ ብቻ ነው።

ዴና በ1836 ወደ ቦስተን ተመለሰ፤ የሕግ ትምህርቱን ፈጸመ፤ በመርከብ ላይ ያሳለፈውን ሁለት ዓመት የሚተርከውን መጽሐፍ በ1840 አሳተመ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ለተራ መርከበኞች የሚሆን መምሪያ አወጣ፤ በዚያም መጽሐፍ ስለ ሸራና ስለ ቋጠሮ የሚናገረውን ትምህርት ስለ ካፒቴንና ስለ መርከበኛ መብትና ግዴታ ከሚናገረው ሕግ ጋራ በአንድ ጥራዝ አሰረው። የአሜሪካ ምክር ቤት በጦርና በንግድ መርከቦች ላይ ግርፋትን የከለከለው በ1850 ነው። ከዚህ ላይ ግን አንባቢን የሚያስገርም ነገር አለ። ዴና ራሱ በመጽሐፉ መጨረሻ የካፒቴኑ ሥልጣን እንዲቀነስ አልጠየቀም። በባሕር ላይ ትእዛዝ ከአንድ አፍ መውጣት እንዳለበት ያምን ነበር፤ ግርፋቱ እንኳ ወዲያውኑ በሕግ ይከልከል ለማለት አመንትቷል። የጠየቀው፣ ካፒቴኑ በባሕር ላይ ስላደረገው ነገር በየብስ ላይ ዳኛ ፊት ቆሞ መልስ እንዲሰጥ ነው። ማመንታቱ ዛሬ ለሚያነበው ሰው ይከብዳል፤ ሊከብድም ይገባል፤ ጀርባውን ያየው ሰው ከዚያ አልፎ ሊሄድ በተገባው ነበር። ሆኖም የጥያቄውን እምብርት አግኝቶታል። በማዕበል መካከል መልስ አለመስጠት ይቻላል፤ ከናካቴው መልስ የማይሰጥ ሥልጣን ግን ባሕር የወለደው አይደለም።

እስካሁን የተነገረው ጀማሪውን እንደ ተበዳይ ብቻ ያሳያል። እርሱም ግን ባለዕዳ ነው፤ ይህ በግልጽ የሚታየው ሰው ከጀልባ ሲወድቅ ነው። በማዕበል መካከል የሰው ራስ ከኮኮነት ፍሬ አይበልጥም። ጀልባዪቱ ለመዞር ጊዜ ትፈልጋለች፤ እስክትዞር ርቃለች፤ በማዕበልና በማዕበል መካከል የወደቀው ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ሰው ይመደባል። ሥራው እጁን ዘርግቶ ወደ ወደቀው ሰው መጠቆምና ዓይኑን ከእርሱ አለመንቀል ብቻ ነው። ገመድ አይስብም። ዘወር ብሎ ማን ምን እንደሚሠራ አያይም። ጓደኞቹ ሲጮኹ፣ ሸራው ሲንኳኳ፣ ጀልባዪቱ ከሥሩ ስትዞር፣ ጣቱ ብቻ እንደ ኮምፓስ መርፌ ወደዚያ ነጥብ ትዞራለች። ይህ ሥራ የማንንም ጥበብ አይጠይቅምና ብዙ ጊዜ ለጀማሪው ይደርሳል። የሁሉም ጥበብ ግን በዚያች ሰዓት ከጣቱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። መሪውን የያዘው አዋቂ ሰውየው ወዳለበት ሳይሆን ጀማሪው ወደሚጠቁምበት ነው የሚሄደው። ጀማሪው አላየሁትም እያለ አየሁት ቢል፣ ወይም ዓይኑ ሲስት አፍሮ ዝም ቢል፣ የካፒቴኑ የሰላሳ ዓመት ልምድ ባዶ ውሃ ላይ ያደርሳቸዋል። ታዛዡ እዚህ ታዛቢ መሆን አለበት። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር አልመጡም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የተቀራረበው። በዚህች ጀልባ ላይ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

የ1979 የፋስትኔት ውድድር የዚህን ጉዳይ ጨለማ ገጽ ያሳያል። ነሐሴ 11 ቀን 303 ጀልባዎች ከካውስ ተነሡ፤ መንገዳቸው በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ያለውን የፋስትኔትን አለት ዞሮ ወደ ፕሊመዝ መመለስ ነበር። ከ13 ለ14 አጥቢያ ከባድ ማዕበል ደረሰባቸው። ከተወዳዳሪዎቹ 15 ሰዎች ሞቱ። ሰዎቻቸው ለቀዋቸው የወጡት ጀልባዎች 24 ነበሩ፤ ከእነዚህ የሰጠሙት 5 ብቻ ናቸው። የቀሩት 19 በኋላ ተንሳፈው ተገኙ። በአየር የሚነፋው የሕይወት ማዳኛ ጀልባ ከትልቋ ይልቅ አስተማማኝ መስሎ ከታያቸው መካከል፣ ጥለዋት የወጡት ጀልባ ተርፋ እነርሱ ያልተረፉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለጀማሪ ከሚነገሩት ምክሮች አንዱ ይህ ነው፤ ወደ ማዳኛው ጀልባ የምትገባው ከሰጠመችው ጀልባህ ወደ ላይ ተራምደህ ይሁን።

በሞቁ ክፍሎች ተቀምጦ በእነዚያ ሰዎች ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ተገቢም አይደለም። ማሰብ ግን ይገባል። ካፒቴን በጨለማ ራሱን ሊመታ፣ ሊታመም፣ በማዕበል ሊወሰድ ይችላል። በዚያች ሰዓት ትእዛዝ የሚጠባበቅ እጅ ይኖራል፤ የሚያዝ አፍ ግን የለም። «ያዝ» ሲባል ብቻ መያዝን የተማረ ሰው ምን ይይዛል? ስለ እርሳሱ ክብደት ማታ በጠረጴዛ ላይ ያልተነገረው ሰው፣ የተጋደለችውን ጀልባ እንደ ሟች ቆጥሮ ቢተዋት ማን ይወቅሰዋል? ከተወቀሰስ ወቀሳው የእርሱ ብቻ ነውን?

የባሕር ሕግ ይህን ሳያስተውል አልቀረም። በ1972 የወጣውና ከ1977 ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ያዝዛል። ሁለት የሸራ ጀልባዎች ቢገናኙና ነፋሱን በተለያየ ጎን ቢቀበሉ፣ በግራ ጎኗ የምትቀበለው ትለቃለች። በሞተር የሚሄድ መርከብ፣ ከተለዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ለሸራ ጀልባ ይለቃል። ደንቡ ግን ገና በመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ድንገተኛ አደጋን ለማምለጥ ከደንቡ መውጣት አስፈላጊ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል፤ ንቁ ባሕረኛ ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ያጓደለም በደንቡ ጀርባ እንዳይሸሸግ ያስጠነቅቃል። እንዲያውም መብት ያላት ጀልባ መብቷን ይዛ ቀጥ ብላ ትሂድ ካለ በኋላ፣ ሌላው ብቻውን ግጭቱን ሊያስቀር በማይችልበት ሰዓት እርሷም ዘወር የማለት ግዴታ ይጥልባታል። ትክክል ሆኖ መስጠም ሰበብ አይሆንም። ይህን የጻፉት ባለቅኔዎች አይደሉም፤ የመርከብ አደጋ መዝገብ ያገላበጡ ሰዎች ናቸው።

ባሕረኞች ሌሊቱን በተራ ይካፈሉታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጀማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ መሪውን ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ካፒቴኑ ታች ተኝቷል። ከመተኛቱ በፊት የተወው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ «ከተጠራጠርክ ቀስቅሰኝ።» ጀማሪው እስከዚያ ቀን የሰማቸው ትእዛዞች ሁሉ እጁን ያዝዙ ነበር። ይህኛው የሚያዝዘው ጥርጣሬውን ነው፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ደግሞ ሳይፈርዱ መፈጸም አይቻልም። በሰማይና በባሕር መካከል አንዲት ነጭ መብራት ትታያለች፤ ቆይታ ከሥሯ ቀይ፣ ከቀዩ አጠገብ አረንጓዴ ትጨምራለች። የመርከብ ቀይ መብራት በግራው፣ አረንጓዴው በቀኙ ነው፤ ሁለቱ በአንድነት ከታዩ መርከቡ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሯል ማለት ነው። በሕጉ መንገድ የሚለቀው ያኛው ነው። ግን የዚያ መርከብ ዘብ ይህችን ትንሽ ጀልባ አይቷታልን? በኮምፓሱ አቅጣጫውን ይለካል፤ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይለካል። ቁጥሩ ያው ነው፤ መብራቶቹ ግን ደምቀዋል።

የደከመን ሰው በከንቱ መቀስቀስ ያሳፍራል። ከሁሉም ይልቅ ጀማሪን ያሳፍራል፤ እስካሁን አልገባውም ያሰኛልና። ብዙ መርከቦች የጠፉት በዚህች እፍረት ሳይሆን አይቀርም፤ እፍረት ግን በአደጋ መዝገብ አይጻፍም። ጀማሪው ወደ ታችኛው ክፍል በር ጎንበስ ብሎ ይጣራል። ካፒቴኑ በባዶ እግሩ ይወጣል፤ ዓይኑን ያሻል፤ ወደ መብራቶቹ ያያል።

«ስንት ነበር?» ይላል።

ጀማሪው ሁለቱን ቁጥሮች፣ በመካከላቸውም ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ይነግረዋል። ካፒቴኑ ደግሞ ሊለካ ወደ ኮምፓሱ አይሄድም። መሪውንም አይቀበለውም። ወደ ማዶ ይሻገርና የፊተኛውን ሸራ ገመድ በእጁ ያነሣል።

«ስትዘጋጅ ንገረኝ» ይላል።